የቀን ገደብ ወንዙን ያድነዋል?

«በቀን ከ5 ዓሣ በላይ መያዝ ክልክል ነው» የሚለው ደንብ የሚገድበው ሰውን ነው እንጂ ወንዙን አይደለም። ዳር የሚቆመው ሰው ከ50 ወደ 200 ቢያድግ፣ ማንም ደንብ ሳይጥስ የሚወጣው ዓሣ አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማየት በፊት ስንት ሰው እዚያ ቁጥር ላይ እንደሚደርስ ማወቅ ይበልጣል።

ለመዝናናት ከሚያሰግሩት ብዙዎቹ የሚመለሱት ባዶ እጃቸውን ወይም አንድ ሁለት ይዘው ነው። 100 ሰው ወጣ እንበል፦ 40ው ምንም፣ 20ው አንድ አንድ፣ 30ው ሁለት ሁለት፣ የቀሩት 10 ሰዎች ብቻ አምስት አምስት ያዙ። ድምሩ 130 ነው። ገደቡ ወደ 4 ሲወርድ የሚተርፈው 10 ዓሣ ብቻ ነው። ወደ 2 ሲወርድ ግን 30 ይተርፋል። ከ5 ወደ 4 ማውረድ ብዙ ጊዜ ለወሬ ያህል ነው። ደንቡን ከመንካት በፊት ወንዝ ዳር ቆሞ እያንዳንዱ ሰው የያዘውን ዓሣ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ባዶ እጁን የተመለሰውም ይመዝገብ፤ አማካይ ብቻውን ያሳስታል።

ገደቡ የሚሠራበት ቦታ አለ። ሳልሞን እንቁላል ሊጥል ሽቅብ ሲወጣ፣ ወይም ዓሣው ከግድብ ሥር ሲከማች ብዙ ሰው ኮታውን ይሞላል፤ እዚያ አንድ ቁጥር መቀነስ እንኳ ይሰማል። እዚያም ቢሆን የሰው ብዛት ካልተገደበ ወይም ወቅቱ ካልተዘጋ ትርፉ በአዲስ መጪ ይበላል።

ሌላው ችግር የተለቀቀው ዓሣ ነው። ኮታውን የሞላ ሰው ማስገሩን ከቀጠለ፣ ወይም ትልቅ ሲያገኝ የሞተውን ትንሽ ከጣለ፣ ሟቹ በየትኛውም መዝገብ አይገባም። ትል የሰካ መንጠቆ ወደ ጉሮሮ ጠልቆ ይገባል፤ ያኔ መንጠቆውን ከመጎልጎል ክሩን አፉ አጠገብ መቁረጥ ይሻላል። ጥርስ (ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ ሹል) የሌለው መንጠቆ ቶሎ ይወጣል። ዓሣውን በእርጥብ እጅ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ አላቁት። ትራውት ለሚባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ፣ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ፣ ይዞ መልቀቁንም ማቆም ነው።

ትልልቅ ሴት ዓሦች ብዙ እንቁላል ስለሚጥሉ፣ ከቁጥሩ ጎን የመጠን ገደብ ቢኖር ጥሩ ነው፤ በተለይ ትንሹንም ትልቁንም አስለቅቆ መካከለኛውን ብቻ የሚፈቅደው። ይህ እንዲሠራ ግን ዓሣው ወንዝ ዳር ተቆራርጦ ሥጋው ብቻ መሄድ የለበትም፤ የተቆራረጠ ሥጋ አይለካም፣ ስንት ዓሣ እንደነበረም አይታወቅም። የጓደኛሞች ዓሣም በአንድ ከረጢት ከተደባለቀ የማን ኮታ እንደሆነ ተቆጣጣሪው አይለይም።