የደረሰ ስእለት ለልጅ እንዲተርፍ

እግዚአብሔር ጸሎት እንደሚሰማ በሐረርና በድሬዳዋ ላለ ምእመን ትልቋ ምስክር ቁልቢ ናት። የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ፣ በድል ቢመለሱ ለቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሊያሠሩ እንደ ተሳሉ ከአባቶች ሲነገር መጥቷል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ ሆነ፤ ራስም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ቤተ ክርስቲያኑን ቁልቢ ላይ አሠሩ። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው። ኋላም ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዛሬ የምንሳለመውን ታላቅ ሕንፃ አሠሩ። ስእለቱ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ሰፋ።

በየቤታችን የደረሰው ስእለት ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይተርፍም። የሚጠፋው ሳይነገር ቀርቶ አይደለም፤ በደፈናው እየተነገረ ነው። «ገብርኤል ደረሰልኝ» ሲባል ብቻ የሰማ ልጅ ምን እንደ ተለመነ፣ ስንት ዓመት እንደ ተጠበቀ አያውቅም። ስለዚህ የሚመሰክር ሰው የለመነውን፣ የተሳለውን፣ የጠበቀውን ጊዜና የሆነውን ለይቶ ይናገር። «በተጋባን በሰባተኛው ዓመት ነው የወለድነው፤ ሐኪም ቤትም ጠበልም ተመላልሰናል፤ የተሳልነው ጃንጥላ ነበር፤ ታኅሣሥ 19 አስገባን» ቢባል በቂ ነው። ሐኪም የረዳ እንደሆነ አይደበቅ። አንዳንዱ መድኃኒቱን ካነሣ ተአምሩ የሚያንስ ይመስለዋል። ልጁ አድጎ የሐኪም ወረቀቱን ያገኘ ዕለት ግን የተነገረውን ሁሉ ይጠራጠራል፤ ለሐኪሙስ ቢሆን ዕውቀቱን የሰጠው ማን ሆነና!

ከሁሉ የሚከብደው ያልሆነውን መናገር ነው። ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን የወጡበትን ቀን ነው። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ያነበበ እንደሚያውቀው፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል አምላካችን ያድነናል ብለው ብቻ አላቆሙም፤ ባያድነንም እንኳ ንጉሡ ላቆመው ምስል አንሰግድም አሉ። ድፍረታቸው ያለው እዚህ ላይ ነው። ወላጅም ለልጁ «ለአባትህ ሕመም ለምነን አልዳነም፤ ከቤተ ክርስቲያን ግን አልራቅንም» ማለት ይችላል። ይህን የሰማ ልጅ ነገ የራሱ ልመና ሲዘገይ አይደነግጥም።

ስእለቱ ራሱ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። ሰው በጭንቅ ሰዓት ሰንጋ ይሳላል፤ ጭንቁ ሲያልፍ ዋጋውን ጠይቆ ወደ ከርሞ ይገፋዋል። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ከማይከፍል ባይሳል ይሻላል ይላል። ጧፍ ወይም ዕጣን በጊዜው የደረሰ እንደሆነ ሙሉ ስእለት ነው። የተሳሉት ከአቅም በላይ ከሆነ ዝም ብሎ ከመቆየት የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል። በተሳሉበት ቀን የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ባዶ ገጽ ላይ ቀኑንና የተሳሉትን መጻፍ፣ ሲያስገቡም ያስገቡበትን ቀን ከጎኑ ማስፈር ነው። ገንዘብ ከሆነ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰብሳቢ ሰጥቶ ደረሰኙን እዚያው ገጽ መሐል ማኖር እንጂ መንገድ ላይ «ስእለት! ስእለት!» እያለ ለሚቀበል ሁሉ አይሰጥም።

በስእለት የተገኘ ሕፃን ካለ ጥምቀቱ አስቀድሞ ይታሰብበት። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የሚጠመቁት፤ ንግሡን ለመጠበቅ ተብሎ ቀኑ እንዳያልፍ ካህን ይጠየቅ። ቀኑ ካልገጠመ በአጥቢያው ተጠምቆ ለንግሡ ስእለቱን ብቻ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ከድሬዳዋ ቁልቢ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እስከ ደንገጎ ያለው ዳገት ነው። ከድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከሳቢያን ወይም ከከዚራ፣ በስስ ልብስ የተነሣ ሰው ለዋዜማው ሌሊት ብርዱን አይችለውም፤ ጋቢ፣ ለሕፃንም ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። በእግር የሚሄድ አዲስ ጫማ አያድርግ፣ ተረከዙን ይልጠዋል። ለስእለት ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣም መጠኑን ይወቅ፤ መሐል ላይ የሚጣል ትልቅ ድንጋይ ከኋላ ያለውን ይጎዳል። ልጁ ነፍስ ካወቀ ደግሞ ጃንጥላውን ራሱ ይያዝ፣ ለምን እንደሚያስገባም እዚያው፣ ከማስረከቡ በፊት ይነገረው።