ሚውራና ኩንታሽ በሳንታጋታ

ከጣሊያኗ ቦሎኛ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያለው አገር ሜዳ ነው፤ ከእርሻና ከመጋዘን በቀር ዓይን የሚይዝ ነገር የለም። ሳንታጋታ ቦሎኜዜ ትንሽ ከተማ ናት፤ የላምቦርጊኒ ፋብሪካና ሙዚየም አንድ ግቢ ናቸው። ፋብሪካውንም ለማየት የሚፈልግ አስቀድሞ ቦታ ያስይዝ። እኔን የወሰዱኝ ሁለት አሮጌ መኪኖች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ሚውራና በ1974 ገበያ የገባው ኩንታሽ።

ሁለቱንም የነደፈው ቤርቶኔ በተባለው የመኪና ንድፍ ድርጅት ይሠራ የነበረው ማርቼሎ ጋንዲኒ ነው፤ የአንድ እጅ ሥራ ግን አይመስሉም። ሚውራ ለስላሳ ነው፤ የፊት መብራቶቹን ጥቁር ሽፋሽፍት ከብቧቸዋል፣ የበሩ እጀታ ከበሩ ኋላ ባለው የአየር ማስገቢያ ፍርግርግ ውስጥ ተደብቋል። ኩንታሽ ደግሞ ከአፍንጫው እስከ ጣሪያው በአንድ መስመር የተቆረጠ ሽብልቅ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ከኮፈኑ ሥር ነው። የሚውራ 3.9 ሊትር፣ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ከመቀመጫዎቹ ኋላ በአግድም ተኝቷል። ቦታ ስለጠበበ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሞተሩ ጋር በአንድ የአሉሚኒየም አካል ተሠርቶ ዘይት ይጋራሉ። ማርሽ ሲፋቅ የሚወጣው የብረት ብናኝ ታዲያ በዚያው ዘይት ወደ ሞተሩ ብሮንዚን፣ ማለትም ዘንጉ ወደሚሽከረከርባቸው መደገፊያዎች፣ ይሄዳል። ሚውራ ሊገዛ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ዘይቱን አስቀድቶ ብናኝ ይፈልግ። ዘይቱ የተለያየው ኤስቪ ከተባለው የመጨረሻው የሚውራ ዓይነት በመጨረሻ በተሠሩት ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ እሳት ነው። አራቱ ባለ ሦስት ጉሮሮ ዌበር ካርቡራተሮች የእሽቅድድም ዓይነት ናቸው፤ መኪናው ትራፊክ ላይ ቆሞ ሲሠራ ቤንዚን ይጠራቀምባቸዋል፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተኩስ ይያያዛል። ያረጀ የቤንዚን ቱቦ ካለበትማ አለመነዳቱ ይሻላል። የነዳጅ ታንኩ ከፊት ስለሆነም ነዳጁ ባለቀ ቁጥር አፍንጫው ይቀላል፤ በከፍተኛ ፍጥነት መሪው እየላላ ይመጣል።

የላምቦርጊኒ መሐንዲስ ፓኦሎ ስታንዛኒ ኩንታሽን ሲሠራ ሞተሩን በቁመት አዞረው፤ ካምቢዮውን ከሞተሩ ፊት፣ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል አደረገው። የማርሹ ዘንግ በቀጥታ ካምቢዮው ውስጥ ስለሚገባ ረጅም ማገናኛ አያስፈልገውም። ታንኮቹ ሁለት ሆነው ከኋላ ጎማዎች ፊት፣ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ነዳጅ ሲጎድል የመኪናው ሚዛን ብዙም አይናጋም። በእኔ ሚዛን ይህ ከወደ ላይ ከሚከፈቱት በሮች ይበልጣል፤ ሰው ግን የሚያወራው ስለ በሮቹ ነው።

መፍትሔው የራሱን ዕዳ ይዞ መጥቷል። ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ዘንግ በሞተሩ ዘይት ቋት ውስጥ ስለሚያልፍ ሞተሩ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የ1971ዱ የሙከራ መኪና ስለጋለ ጎኖቹ ላይ ትልልቅ የአየር ማስገቢያዎች ተጨመሩለት። መስኮቱ የሚከፈተው ለጠባብ ክፍተት ብቻ ስለሆነ የውስጡ ሙቀት ዛሬም አለ። ወደ ኋላ ለመሄድ ብዙ ነጂዎች በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ይቀመጡና አንገታቸውን አውጥተው እያዩ ይነዳሉ፤ የኋላ መስታወቱ ከሞተር ኮፈን በቀር እምብዛም አያሳይም።

ጊዜ የተረፈው ወደ ፉኖ ዲ አርጄላቶ ይለፍ፤ የድርጅቱ መሥራች የፌሩቾ ላምቦርጊኒ ቤተሰብ ሙዚየም እዚያ ነው። የሠራቸው ትራክተሮች ብቻቸውን ለመንገዱ ይበቃሉ፤ ከእነሱ ሌላ የፌሩቾ የራሱ ሚውራ ኤስቪ አለ። የኋላ ጎማዎቹ መስፋታቸውንና የመብራቶቹ ሽፋሽፍት መነሣቱን ልብ በሉ።