ጳጉሜ 4፣ ጭቃ

የተቀመጥኩት ስለ ጠዋቱ ስብሰባ ልጽፍ ነበር። ያው ሰውዬ ነው፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ መንገዱ ቶሎ ይሰፋ እያለ የሚጨቀጭቀን። ካርታውን በእስክሪብቶ ጫፍ መታ መታ አድርጎ «ለዚህች ኩሬ ብለን ነው ይሄን ሁሉ ወር የምንጠብቀው?» አለ። እኔም እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ «ኩሬ እንኳን አይደለም» አልኩት። ከእሱ ጥያቄ ይልቅ የራሴ ፈገግታ አበገነኝ።

ከምሳ በኋላ ብቻዬን ወደ ቦታው ወጣሁ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ቦት ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ገብቶ እየጮኸ ነው የሚወጣው። መንገዱ በአንድ ሌን እንዲሰፋ ነው የታሰበው፤ ያቺ አንድ ሌን ደግሞ የምታርፈው ረግረጉ ላይ ነው።

ሥራዬ ምን እንደሆነ እማዬን ለማስረዳት ስንት ዓመት ደከምኩ። አንድ ቀን ለጎረቤት «ጭቃ ቆፍሮ ቀለሙን ያያል» ስትል በስልክ ሰማኋት። ከዚያ ወዲህ አስረድቼ አላውቅም፤ ትክክል ናት። ግማሽ ሜትር ያህል እቆፍራለሁ። ጓሉን በውሃ ረጠብ አድርጌ የአፈር ቀለም ናሙና ከተደረደረበት መጽሐፍ ጋር አስተያየዋለሁ። አመድማ ሆኖ ሥሩ ባለፈበት ዝገት የመሰለ መስመር ካለው፣ ውሃ እዚያ ተኝቶ ከርሟል ማለት ነው። አፈሩ፣ ውሃውና ተክሉ ሦስቱም ከመሰከሩ ሮዝ ጥብጣብ አስሬ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ ረግረግ። የምንመራበት የረግረግ መለያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. የ1987 ነው፤ እዚህ ቢሮ ካሉት ልጆች ግማሾቹ ሳይወለዱ የወጣ።

17 ቁጥርን አስሬ ቀና ስል ነው ያየሁት። እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ለምለም ሣር። አንዱን ቀንጥሼ በጣቴ አንከባለልኩት፤ ሦስት ጠርዝ አለው። ስልጠና ላይ ያስተማሩን ይህንኑ ነው፤ ሦስት ጠርዝ ያለው ከሆነ የቄጠማ ወገን ነው። የጣናው ደንገልም፣ የበዓሉ ቄጠማም፣ ይሄ የሜሪላንዱም ዘመዳሞች ናቸው። አሸተትኩት። እንቁጣጣሽ ዋዜማ የቤታችን ወለል!

ልጅ ሆኜ ቄጠማ ግዛ ስባል እሮጥ ነበር። እርጥብ እስሩን አቅፌ ስመለስ ሸሚዜ ደረቱ ላይ ይበሰብሳል። ከየት እንደሚያጭዱት ግን አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም። ኋላ ነው የገባኝ፤ ከእኛው ሰፈር ግርጌ፣ ጨፌ ከምንለው ነው። በበጋ ከብት ይግጥበታል፣ በክረምት እግር ይውጣል። ከዚያ መንገድ መጣ። ገልባጭ መኪና ለሳምንታት ድንጋይና አፈር ሲደፋበት እኛ ልጆቹ ዳር ቆመን እናጨበጭብ ነበር። ታክሲ እስከ ደጃፋችን ሲመጣ እማዬ ቡና አፈላች። ውሃው የት ይሂድ ያለ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ክረምት የት እንደሄደ ጎረቤታችን እትዬ አ. አወቁት፤ መደባቸው ስር ነበር። ቡናው የተፈላው በቄጠማ ላይ እንደነበር አሁን ትዝ ሲለኝ አፈርኩ።

የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ይቅረብ፣ ይሁንታም ያግኝ ብሎ ደነገገ። የእኛ ሰፈር መንገድ አዋጁን ቀድሞት ነበር። ግን እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ያኔ አንዱ መጥቶ «ለሣሩ ሲባል መንገዱ ይቆይ» ቢለን በድንጋይ ነበር የምንሸኘው። ከጠዋቱ ሰውዬ በምን ተሻልን?

እዚህም ቢሆን ረግረግ ማለት ለዘመናት ወባ መፈልፈያ፣ ማጠንፈፍና መድፈን የሚገባው መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የአሜሪካ የውሃ ሕግ ነው «አፈር ልትደፋበት ከሆነ ፈቃድ አውጣ» ያለው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል ነው። መጀመሪያ ረግረጉን ሽሸው፣ ካልቻልክ ጉዳቱን ቀንሰው፣ ካልሆነልህ ሌላ ቦታ ተካው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራሉ መንግሥት በረግረግ ላይ ያለውን ሥልጣን አጥብቦታል። ሰውዬው ይህን አንብቦ ነው ልቡ ያበጠው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የራሷ ሕግ እንዳላት፣ ዙሪያውን 25 ጫማ ጨምራ እንደምትጠብቅ ስነግረው ግን ጆሮው ይደፈናል።

እኔን የሚከነክነኝ «ተካው» የሚለው ነው። የረግረግ ባንክ አለ፣ በእውነት ባንክ። አንዱ የድሮ እርሻ ላይ ውሃ መልሶ፣ ሣር አብቅሎ፣ ክሬዲት ይሸጣል። መንገድ ሠሪው ላጠፋው ረግረግ ማካካሻ ብሎ ይገዛል። ሄጄ ያየሁት አንዱ እንቁራሪቱ ሰው አያነጋግርም፤ ልቀልድበት አልችልም። ግን የእኛን ጨፌ ሌላ ቦታ ተክተንላችኋል ቢሉን፣ እትዬ አ. ቤት የገባው ውሃ አድራሻውን ጠይቆ ይሄድ ነበር?

ወደ ቤት የመጣሁት በ200 ቁጥር አውራ ጎዳና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲታቀድና ሲጨቃጨቁበት ኖሮ የመጀመሪያው ክፍል በ2011 የተከፈተው መንገድ። ከመቆፈሩ በፊት ኤሊዎቹን ሳይቀር ከጫካው ለቅመው ነው ያዛወሩት። ትራፊክ በሌለበት እየበረርኩ ኤሊ ትዝ ብሎኝ ያውቃል? እንጃ። እራቴ ነው ትዝ የሚለኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሳሎኑን አሰማምራ ያንን ፕላስቲክ ቄጠማ ዘርግታለች። ከጀርባዬ ያለውን አወጣሁላት። ሁለት እፍኝ ሙሉ፣ ከ17 እና ከ18 ቁጥር መካከል፣ በራሴ ጥብጣብ ከከለልኩት ውስጥ። ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ «ውይ! መዥገር!» ብላ ወደ በረንዳ ወረወረችው። አሁን እዚያ ነው ያለው።

የፈቃድ ማመልከቻውን ነገ መጨረስ አለብኝ። ቅጹ ላይ ቋሚ ጉዳት፣ ጊዜያዊ ጉዳት የሚል ሳጥን አለ፤ በካሬ ጫማ ነው የሚሞላው። ሁለት እፍኝ ስንት ይሆናል?