3+2 ወይስ 5+0? የቼዝ ሰዓቴን እንዴት መረጥኩ

ኦንላይን ቼዝ ስንጫወት ገና አንድ ወታደር ሳናንቀሳቅስ የምንወስነው ነገር አለ፦ ሰዓቱን። አብዛኞቻችን ግን ብዙም አናስብበትም። ዓይናችን ያረፈበትን ቁልፍ ነካ አድርገን እንገባለን። እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ በሞባይል የምጫወት ስለሆንኩ፣ ኔትወርኩም መብራቱም እንደፈለገው ስለሚሆን፣ ነገሩን በደንብ ማየት ግድ ሆነብኝ።

ለጀማሪ ያህል፣ 3+2 ማለት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሶስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ አንድ ሙቭ በተጫወተ ቁጥር ደግሞ ሁለት ሴኮንድ ይጨመርለታል። ጭማሪዋ ኢንክሪመንት ትባላለች። እንዲህ ያለውን ሰዓት ፓተንት ያስወጣበት የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ከድሮ ተቀናቃኙ ከስፓስኪ ጋር በድጋሚ ሲገጥምም በዚሁ ሰዓት ተጫውተዋል። ዛሬ የዓለም ብሊትዝ (የፈጣን ጨዋታ) ሻምፒዮና የሚካሄደው በ3+2 ነው፣ ከብሊትዝ ረዘም የሚለው ራፒድ ደግሞ በ15+10።

መጀመሪያ ያደረግኩት የድሮ ጌሞቼን መክፈት ነበር። የምጫወትበት ድረ ገጽ ሊቼስ ላይ ጌሙ ካለቀ በኋላ በትንተናው ገጽ እያንዳንዱ ሙቭ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ በግራፍ ይታያል። ብዙ ሰው የሚያየው ስህተቱን ነው። እኔ ሰዓቱን ብቻ እየተከተልኩ አየሁ። 5+0 የተጫወትኳቸው ላይ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ መሃል ጨዋታ ላይ አስባለሁ፣ ጥሩ ቦታ እይዛለሁ፣ መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ያልቃል።

አንዷን በቅርብ ልንገራችሁ። እኔ ሩክና ንጉሥ አለኝ፣ ተጋጣሚዬ ባዶ ንጉሥ። ሩክ ያለው ወገን እንከን ሳይኖርበት ከተጫወተ ቢበዛ በ16 ሙቭ ማት ያደርጋል። መንገዱን አውቀዋለሁ። ሰዓቴ ላይ ግን የቀሩት ጥቂት ሴኮንዶች ናቸው፣ ጭማሪ ደግሞ የለም። ጣቴ ስክሪኑ ላይ ሩኩን ስትጎትት አንዴ አጠገቡ ያለ ካሬ ላይ አስቀመጠችው። ሰዓቴ አለቀ። ተጋጣሚዬ ማት ማድረጊያ ስለሌለው ውጤቱ አቻ ተባለ። ያው ጌም በ3+2 ቢሆን ኖሮ? የማውቀውን ሙቭ ከሁለት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ እጫወተዋለሁ፤ እንዲያውም ሰዓቴ እየጨመረ ይሄዳል። የተማርከውን የመጨረሻ ጨዋታ ቦርድ ላይ ማሳየት የምትችለው ኢንክሪመንት ሲኖር ነው።

ቀጥሎ ሂሳብ ሠራሁ። ሊቼስ አንድ ጌም ምን ያህል እንደሚፈጅ የሚገምተው 40 ሙቭ ይኖረዋል ብሎ ነው። ጭማሪውን በ40 ታበዛለህ፣ መነሻ ሰዓቱ ላይ ትደምራለህ። 3+2 ለአንድ ሰው 260 ሴኮንድ ይመጣል፤ ከ5+0 ያነሰ ነው፣ ግን የተሻለ ያጫውታል። 10+5 ደግሞ 800 ሴኮንድ፣ ለሁለታችን ወደ 27 ደቂቃ ነው። 15+10 እስከ 43 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ይቺ ስሌት ሕይወቴን አቃናችው ብል አልዋሸሁም። ምሳ ሰዓት ላይ 10+5 ይበቃኛል። 15+10ን ለእሁድ ከሰዓት አቆየዋለሁ፣ ቡናው ሲፈላና ማንም በማይጠራኝ ሰዓት።

ፒያሳ አካባቢ ቡና ቤት የማገኛቸው አንድ ታላቅ ወዳጅ አሉኝ። 3+0 ካልሆነ አይነኩም።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ ሰዓት የሚጨመርለት ቼዝ ደግሞ ምን ቼዝ ነው? ሰዓትን መጠበቅም ችሎታ ነው» ይሉኛል።

«ልክ ነዎት ጋሼ። ኔትወርክ መጠበቅም ችሎታ ከሆነ ግን ወላሂ እኔ የለሁበትም።»

ይስቃሉ፤ ከዚያ ሰንጠረዥ ስለሚባለው የአገራችን የድሮ ቼዝ ያነሳሉ። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። «ጥድፊያው የኛው ነው» የሚል ክርክር አላቸው። ደስ ይላል፣ ግን አላሳመነኝም።

ኔትወርኩ ላይ ግን ኢንክሪመንት ሁሉን ነገር አይፈታም። ሊቼስ መልእክቱ ሲዘገይ የባከነውን ጊዜ በመጠኑ ይመልስልሃል። ከተቆረጠ ግን ሰዓትህ ዝም ብሎ ይቆጥራል፣ ጭማሪም የለም፤ የሚጨመረው ሙቭ ስትጫወት ብቻ ነዋ። መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ሲሄድ ስልኬ ወደ ዳታ እስኪዞር አሥር ሴኮንድ ገደማ ያልፋል። ስለዚህ መነሻውም ሰፋ ማለት አለበት። በ10+5 አሥሯን ሴኮንድ በሁለት ሙቭ አስመልሳለሁ። ቡሌት፣ 1+0 የሚባለውን፣ ለፋይበር ባለቤቶች ትቼዋለሁ። አሬና በሚባለው የሊቼስ ውድድር ላይ ያለውን ቤርሰርክ የሚባል ምርጫም አልነካም፤ ሰዓትህን በግማሽ ቆርጦ ጭማሪውንም ይወስድብሃል። ለአንዲት ተጨማሪ ነጥብ!

ሬቲንግ (የችሎታ ነጥብ) ላይ የሚጨነቅ ካለ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ እንደ ብሊትዝና ራፒድ ያለው እያንዳንዱ የሰዓት ምድብ የራሱ ሬቲንግ አለው፣ ድንበሩም ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ይለያል። 5+5 በ40 ሙቩ ስሌት 500 ሴኮንድ ነው። ሊቼስ ከ480 ጀምሮ ራፒድ ይለዋል፤ ሌላው የቼዝ ድረ ገጽ ቼስ ዶት ኮም ግን ራፒድን የሚጀምረው ከአሥር ደቂቃ ስለሆነ ያው ጌም እዚያ ብሊትዝ ነው። የብሊትዝና የራፒድ ቁጥርህ ባይገናኝ አብሽር፣ የሚለኩትም የተለያየ ነገር ነው።

ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሌላ ዘዴ አለኝ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ብሊትዝ መጫወት በሽታ ነው፤ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፣ ጭንቅላትም ይዞራል። ስለዚህ ለመንገድ በቀን የሚቆጠረውን እመርጣለሁ። ለአንድ ሙቭ ሁለት ቀን። ኮምቦልቻ ካለ ጓደኛዬ ጋር እንዲህ ያለች ጌም ሁልጊዜ ክፍት አለችን። ተሳፍሬ ቦርዱን እከፍታለሁ፣ እስክደርስ አስባለሁ፣ ስወርድ እጫወታለሁ። አንዳንዴ ሙቬን ከላክሁ በኋላ ምሳ ላይ እንገናኛለን፤ ያኔ ስለ ጌሙ አለማውራት ነው ከባዱ። እሱ ሁልጊዜ ያወራል።