«ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት

ጓደኛዬ ከሰው ከራቀ ሰንብቷል። ስልክ አያነሳም፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ከእጁ የማትለየውን ካሜራውን ከነሌንሷ ይዞ መጣና «ያዛት፣ ለእኔ ምን ታደርግልኛለች» አለኝ። ያን ዕለት ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ፊቱ ፈታ ብሏል። ጨዋታ መሀል «እኔ ባልኖር ሁላችሁም ታርፉ ነበር» አለ። የሚወዱትን ነገር መስጠት፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት፣ ከከረመ ጭንቀት በኋላ ድንገት መረጋጋት፦ ሦስቱም የአደጋ ምልክቶች ናቸው።

በቀጥታ ጠየቅኩት፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?»

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚፈራው ያልነበረ ሐሳብ የሚያስገባ እየመሰለው ነው። ጥናቶች ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያባብስ አሳይተዋል። «መቼም እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ካልነው ግን መልሱን እኛው ነግረነዋል፤ «ኧረ አላስብም» ይላል፣ በቃ።

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ «አዎ» አለኝ።

«ምን ጎደለህ?»፣ «ኃጢአት እኮ ነው» አላልኩትም። «እንኳን ነገርከኝ» አልኩት። ቀጥዬ እንዴትና መቼ እንደሚያደርገው አስቦ እንደሆነ ጠየቅኩት። ከአፍ አልወጣ የሚል ጥያቄ ነው፤ ግን ዕቅድ ያለው ሰው ብቻውን መተው ስለሌለበት መታወቅ አለበት። እሱ አስቦበት ነበር። ከጎኑ አልተነሳሁም።

«ለማንም እንዳትናገር» ሲለኝ «እሱን ቃል አልገባልህም፤ ለማን እንደምንነግር ግን አንተ ምረጥ» አልኩት። ታላቅ እህቱን መረጠ። ደወልንላት። እሷ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ሁሉ ከቤት አወጣች፤ እኔ ወደ ሐኪም ይዤው ሄድኩ። ግፊቱ እጅግ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ለአጭር ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት መጉዳት የሚችል ነገር አጠገቡ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

ሐኪሟ አብራው ዕቅድ ጻፈች፦ ሐሳቡ ሲመጣ በምን እንደሚያውቀው፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደውል። የእህቱና የእኔ ስልክ እዚያ ላይ አለ።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ይጠይቃል፤ ከዚያ ይረሳል። ታክመው ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ በተለይ አደገኛ ናቸው። ስለዚህ «መልስ አያስፈልገውም፣ አስቤህ ነው» እያልኩ እስካሁን እጽፍለታለሁ። አንዳንዴ ይመልሳል።

ይህን የምታነቡት በዚያ ሐሳብ ውስጥ ሆናችሁ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። አደጋው ከቀረበባችሁ ሰው አስከትላችሁ አቅራቢያችሁ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።