ለአስፋልትም ለዓለትም አንድ ጫማ

በሥራ ቀን ፒያሳና አራት ኪሎ መሃል በእግሬ እመላለሳለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ እንጦጦ ወይም የረር ነኝ። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጫማ ፈለግኩ። ሁለት ለመግዛት የዘንድሮ ዋጋ አይፈቅድማ!

የፈለግኩት አፕሮች የሚባለውን ነው። ተራራ ወጪዎች ገመድ ታስሮ መውጣት እስከሚጀመርበት ዓለት ድረስ የሚጓዙበት ጫማ ነው። ሲያዩት ስኒከር ይመስላል። ቢሮ ለብሼው ብገባ ማንም ልብ አይለውም። ልዩነቱ ያለው ከታች ነው።

ስለዚህ ጫማ ሳነሳ መጀመሪያ ገልብጬ ሶሉን አያለሁ። ከአውራ ጣት በታች ጥርስ የሌለው ለጥ ያለ ቦታ መኖር አለበት። ጠባብ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ስትቆም የሚሸከምህ እሱ ነው። ትልልቅ ጥርስ ያለው ሶል ጭቃ ላይ ጎበዝ ነው። ለስላሳ ድንጋይ ላይ ግን የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ያንሸራትታል። ዝናብ የነካው የፒያሳ እግረኛ መንገድ ላይም ያው ነው።

ቀጥሎ በሁለት እጄ አጥፈዋለሁ። እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ጠርዝ ላይ አይቆምም። ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ አስፋልት ላይ ሲያደክምህ ይውላል። ማሰሪያው እስከ ጣቶች አካባቢ ቢወርድ ጥሩ ነው፤ ለዳገት ከፊት ጠበቅ፣ ለቢሮ ላላ ታደርገዋለህ።

መርካቶ ሰልባጅ ውስጥ ቆንጆ ቆንጆ ጫማ ይገኛል። አንዱ ሻጭ «ብራዘር፣ ኦርጅናል ቫይብራም ነው፤ ቢጫዋን ማርክ እያት!» አለኝ። ቫይብራም በፈረንጆቹ 1937 የጎማ የተራራ ሶል ይዞ የመጣ የጣሊያን ድርጅት ነው። ማርኩን ግን ማንም ሊለጥፈው ይችላል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የአንዳንድ ጫማ የመሃል ሶል ፖሊዩሬቴን ከሚባል ስፖንጅ ይሠራል። ይሄን ነገር እርጥበት ቀስ እያለ ስለሚበላው ሳይለበስ፣ ተቀምጦም ያረጃል። ላዩ አዲስ የሚመስል ጫማ ተራራ መሃል ሶሉ ይበታተናል። በአውራ ጣት ጫን አድርጎ ማየት፣ ጎኑ ላይ ስንጥቅ መፈለግ ነው። ያኛውን ጫን ሳደርገው ተፈረፈረ። ሻጩም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

በመጨረሻ አዲስ ገዛሁ። የለካሁት ከሥራ በኋላ ነው፤ ወደ ማታ እግር ያብጣል። የተራራውን ካልሲ ይዤ ሄድኩና በሕንፃው ደረጃ ቁልቁል ወረድኩ። ጣት ከፊት ከነካ ከየረር ሲወረድ ጥፍር መጥቆሩ አይቀርም። 42 ልክክ ሲል 43 ወሰድኩ። ለዓለት ጠበቅ ያለው ይሻላል። እኔ ግን ከዓለት ይልቅ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምቆመው ይበዛል።

ውሃ አያስገባም የሚባለውን ጎርቴክስ ተውኩት። የአዲስ አበባ የክረምት ጎርፍ የሚገባው በላይ በኩል ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ቶሎ አይወጣም።

ለስላሳ ጎማ ድንጋይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። የኔን ተረከዝ የበላው የረር ሳይሆን አስፋልቱ ነው። ከሰል አጠገብ አላደርቀውም፤ ሙቀት ማስቲሹን ያላቅቃል። ሊስትሮውንም ቀለም እንዳይቀባው፣ በውሃና በብሩሽ ብቻ እንዲያጥበው እነግረዋለሁ። የአፍንጫው ጎማ ሲሳሳ ቶሎ ማስለጠፍ ነው። ከሥሩ ያለው ጨርቅ ከተቀደደ ጫማ ሠሪውም ብዙ አይረዳህም።