ከበረንዳ የተቀጠፈ ሰላጣ

እሑድ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁዳዴ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ሽሮው፣ ምስሩና ክኩ አፍ ላይ አንድ ይሆኑብኛል። በዚህ ሰሞን የሚያምረኝ ጥሬ ነገር ነው፤ የሚኮመጥጥ፣ የሚሰነፍጥ፣ ሲያኝኩት ድምፅ ያለው። ዛሬ ኒቆዲሞስ ነው። እሑድ በመሆኑም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ የለም። ከቅዳሴ ስንመለስ ምሳውን እኔ እንደምሠራ ተናገርኩ። እናቴ የሚሠራው ሰላጣ መሆኑን ስትሰማ «ቅጠል ብቻ?» አለች።

ቅጠሉ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ከጉሊት የተገዛ አይደለም። በረንዳችን ላይ፣ አፋቸው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካኖች ውስጥ የዘራሁት ሰላጣ ደርሶልኛል። የበልጉ ዝናብ አልፎ አልፎ ቢያካፋም የማጠጣው ቧንቧው በሚመጣበት ቀን በባልዲ ያጠራቀምኩትን ውሃ ነው። ሰዎች ለአንድ ሳህን ሰላጣ ይህ ሁሉ ልፋት ምንድን ነው ይሉኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ከምንበላው ቅጠላ ቅጠል ጥቂት የማይባለው የሚለማው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነው። ወንዙ ደግሞ የፋብሪካውንም የመጸዳጃ ቤቱንም ፍሳሽ ተሸክሞ ያልፋል። ጎመንና ቆስጣ ቢሆን ይቀቀላል፣ እሳት ጀርሙን ይገድላል። ሰላጣ ጥሬውን ነው የሚበላው። አቼቶ ያለበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ጀርሙን ይቀንሰው ይሆናል፤ በሥሩ በኩል ቅጠሉ ውስጥ የገባውን እርሳስና ካድሚየም ግን አቼቶም እሳትም አያወጣውም። የጉሊቷን ሴት «ከየት የመጣ ነው?» ስላት «ከአትክልት ተራ» ትለኛለች። አልዋሸችም። ከአትክልት ተራ በፊት የት እንደነበረ እሷም አታውቅም።

የምቀጥፈው ከውጭ ከውጭ ያለውን ነው፤ እምብርቱ ካልተነካ መልሶ ያወጣል። ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከቅዳሴ በፊት ቀጥፌ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬው ነበር። ቅጠሉ ከግንዱ ሲለይ የምትወጣውን ነጭ ጠብታ በምላሴ ቀመስኳት፤ ትመራለች። ተክሉ ሲያረጅ ይኼ ምሬት ወደ ቅጠሉ ሁሉ ይዛመታል፤ የእኔው ገና ለጋ ነው።

ማጠቡን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚዘነጋው ማድረቁ ነው። ቅጠል ላይ ውሃ ካለ ዘይት አይይዝም፤ ማጣፈጫው በሙሉ ወርዶ ሳህኑ ግርጌ ይቀራል። ምግብ ቤቶች በጾም ሰሞን የሚያቀርቡልን ያ የሚዋኝ ሰላጣ ምስጢሩ ይኸው ነው። ቅጠሉን በንጹሕ ፎጣ ቋጥሬ በረንዳ ላይ ወጣሁና ደጋግሜ አራገፍኩት። ከታች ልብስ ያሰጡት ጎረቤት ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰላምታ ሰጥቼ ገባሁ።

ቀይ ሽንኩርቱን በስሱ ከትፌ በጨው አሽቼ አለቀለቅኩት። ቲማቲሙን ውሃማ ፍሬውን አውጥቼ ሥጋውን ብቻ ቆረጥኩ፤ ካሮት ፈገፈግኩ፣ አንድ ቃሪያ ጨመርኩ። አቮካዶ ቤት ውስጥ ነበር፤ አላስገባሁትም። እሱ ከገባ ሌላው ሁሉ አጃቢ ይሆናል።

ጊዜዬን የወሰደው ማጣፈጫው ነው። እናቴ ለስልጆ ካስቀመጠችው የተፈጨ ሰናፍጭ አንድ ማንኪያ ወሰድኩ። ሰናፍጭ በደረቁ ሲሸቱት ዝም ያለ ነገር ነው፤ ኃይሉ የሚነሣው ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ነው። ሙቅ ውሃ ከነካው ይሞታል፤ ሎሚው ከቀደመውም ይለግማል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ፣ ከድኜ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ተውኩት። ክዳኑን ስከፍት አፍንጫዬን ሰንፍጦ ዓይኔን አስለቀሰው። ከዚያ በኋላ ነው ሎሚውና ጨው የገቡት። ዘይቱን በመጨረሻ በቀጭኑ እያንጠባጠብኩ መታሁት፤ ሰናፍጩ ሎሚውንና ዘይቱን አያይዞ ወፈር ያለ ቢጫ ነገር አደረገው። የኑግ ዘይት አስቤ ነበር፤ ጠረኑ ለጋ ቅጠል ይውጣል ብዬ በሱፍ ዘይት ለወጥኩት። ቅጠሉን ከማጣፈጫው ጋር ያገናኘሁት ሁሉም ገበታ ከቀረበ በኋላ ነው። ጨው የነካው ቅጠል ብዙ አይቆይም።

እናቴ ሹካዋን ገፋ አድርጋ እንጀራ አመጣች። በእንጀራ ጠቅልላ አንድ ጎረሰች፣ ሰናፍጩ ሲደርስባት ዓይኗን ጨፈነች፣ ውሃ ጠጣች።

«ይሄማ ስልጆ የጎረሰ ጎመን ነው» አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ጠቀለለች።

«ታዲያ ጣፈጠሽ፣ እማዬ?»

«እኔ ብሆን ጀሪካኑ ላይ ቃሪያ ነበር የምዘራበት።»

ነገሩ ከእውነት አይርቅም። ሙቀቱ ሲበረታ ሰላጣው አበባ ሊያወጣ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ያኔ ከምሬቱ የተነሣ አይበላም። ቃሪያ ደግሞ ሙቀት ይወዳል። የሁለቱን ጀሪካን ሰላጣ እስከ ፋሲካ እየቀጠፍን እንጨርሰዋለን፤ ሦስተኛውን ዛሬውኑ ለቃሪያ ለቅቄላታለሁ። ዘሩን እሷ ታምጣ።